የቃሊቲ ባህር ኃይል

እኔ የምኖረው ወደብ አጠገብ ነው። እንዲህ ስል የማያውቀኝ ሰው ምፅዋ ወይ አሰብ ያደግሁ ይመስለዋል። ወደቡ ግን ቃሊቲ ነው፤ ደረቅ ወደብ። ማዕበል የለው፣ ዓሣ የለው፣ ያለው አቧራ፣ ከባድ መኪናና ኮንቴነር ነው። ኮንቴነሮቹ ስንቱን ባህር አቋርጠው፣ ጅቡቲ ላይ በሙቀት ተቀቅለው መጥተው፣ ዕድሜያቸው ሲገፋ አንዱ ጫማ መጠገኛ፣ አንዱ የሞባይል ካርድ መሸጫ፣ አንዱ ሻይ ቤት ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ሻይ የምጠጣበት ኮንቴነር ከእኔ የበለጠ ዓለም አይቷል።

ወደ ውሃው ስንመጣ፣ የሰፈራችን ቧንቧ ተራ አለው። በተራችን ቀን ይመጣል፤ ሰዓቱን ግን አይናገርም። አንዳንዴ ሌሊት እንደ ሌባ ኮቴውን አጥፍቶ መጥቶ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በእኛ ቤት ከሰው ቁጥር የጀሪካን ቁጥር ይበልጣል። የሚገርመው ደግሞ እግራችን ሥር ያለው ነገር ነው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ጥቂት የማይባለው የሚወጣው ከዚሁ ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። እኛ በላዩ ላይ ቢጫ ጀሪካን ተሸክመን እንመላለሳለን። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል፣ ቢያንስ አባይ ሩቅ ነው ብለን እንጽናናለን። የአቃቂን ልጅ ግን ምን ብለን እናጽናናው?

ነገሩ የተጀመረው በሥዕል ነው። ሦስተኛ ክፍል የሚማረው ልጄ "ሐይቅ ሥላችሁ ኑ" ተብሎ የቤት ሥራ ተሰጠው። ሣለ። ጥቁር፣ ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ከሥሩ ቧንቧ ያለው ነገር። የጎረቤት ሮቶ ነው። መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ የጥያቄ ምልክት አድርጋበት ስትመልሰው አንጀቴን በላው። በዚያው ሳምንት ዕቁብ ደረሰኝ።

"ፍሪጅ እንገዛለን" አለች ሚስቴ፣ ዕቁቡ ገና ኪሴ ሳይገባ።

"መጀመሪያ ልጁ ሐይቅ ያያል። ያውም ከዳር ቆሞ አይደለም፤ ሞተር ጀልባ ተከራይተን፣ መሐሉ ገብተን፣ ሙሉ ቀን!"

"ፍሪጅም ውስጥ ውሃ ይቀመጣል። እሱን እያየ ይደግ።"

በመጀመሪያ ያሰብኩት ርካሹን ነበር። አባ ሳሙኤል ቅርባችን ነው። ድሮ አቃቂን ገድበው ለመብራት ማመንጫ የሠሩት ሐይቅ ነው፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት። ዛሬ ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል እንጂ በዘመኑ የአዲስ አበባን ሌሊት ያበራ ነበር። ብዙ ዓመት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በቻይናዎች እንደገና ተጠግኗል። ይህን ሁሉ በባጃጅ ስንሄድ ለልጄ አስረዳሁት። ከባጃጁ ስንወርድ ፊት ለፊታችን ለጥ ያለ አረንጓዴ ሜዳ ተዘርግቷል።

"አባዬ፣ ሐይቁ የታለ?"

"ይኸው ፊትህ!"

"ይሄማ ሣር ነው።"

ሣር አይደለም፤ እምቦጭ ነው። ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ ዓለምን ያዳረሰ፣ ሐምራዊ አበባው የሠርግ ቤት የሚያስመስል፣ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን እጥፍ የሚያደርግ አረም። ዕቁባችን እንዲህ ቢወልድ ፍሪጁንም ጀልባውንም እገዛ ነበር። አረሙ የሚመቸው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ትንሹና ትልቁ አቃቂ አዲስ አበባ የጣለችውን ሁሉ ተሸክመው እዚህ ያራግፋሉ። ጉለሌ ላይ የወደቀ ፌስታል አባ ሳሙኤል ላይ ይገኛል። ለእኛ ሽታ የሆነው ለእምቦጩ ማዳበሪያ ነው። እዚያው ከብት የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ አመጣጣችንን ሲሰማ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ጀልባ ነው ያልከኝ? ማጭድ ይዘህ ብትመጣ ይሻልሃል" አለኝ።

ስንመለስ፣ ይህ ውሃ ከግድቡ አምልጦ የት እንደሚደርስ ልጄ ጠየቀኝ። አዋሽ ይገባል አልኩት። አዋሽስ? አዋሽማ አፋር ምድር ወርዶ፣ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ በዚያው ይቀራል። ባህሩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው። ውሃችንም እንደኛው ነው፤ ባህር ያምረዋል እንጂ አያየውም።

ስለዚህ ቢሾፍቱ ሆነ። ቢሾፍቱ ከተባለ ደግሞ አድሚራል ሊቀሩ አይችሉም።

አድሚራል ጎረቤታችን ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ከተቋቋመው፣ ምፅዋ ላይ ከነበረው የድሮው ባህር ኃይል ጡረታ የወጡ ናቸው። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ እስከተለቀቀች ድረስ እዚያው ነበሩ። በዓል ሲሆን ነጭ ቆባቸውን አድርገው ይወጣሉ፤ በአዘቦቱም ኮብልስቶን ላይ እግራቸውን ፈርከክ አድርገው የሚራመዱት መሬቱ ይወዛወዝ ይመስል ነው። ክረምት ላይ ጎርፍ አስፋልቱን ሲሞላው፣ ሁላችንም ጫማችንን አውልቀን ስንሸሽ፣ እሳቸው በረንዳቸው ላይ ቆመው "ይሄ ምን ውሃ ነው?" ይላሉ። "ኢትዮጵያ" ስለምትባለው ትልቋ መርከብ ሲያወሩ ሻይ ቤቱ ኮንቴነር ራሱ የሚነቃነቅ ይመስለኛል። በባህር ላይ ምን ይሠሩ እንደነበር ግን ጠይቀናቸው አናውቅም። አድሚራል ምን ይሠራል ተብሎ ይጠየቃል?

ጉዞው አምስት ሰው ሆነ፤ እኔ፣ ሚስቴ፣ ልጄ፣ አድሚራልና የሚስቴ ወንድም። ቃሊቲ ጋራዥ ውስጥ "ማስተር" የሚሉት የሲኖትራክ መካኒክ ነው። ስድስተኛው ጀሪካን ነው። ሚስቴ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዛ ወጣች።

"ሐይቅ እየሄድን ጀሪካን ምን ያደርጋል?"

"ውሃ ያለበት አገር እየሄድን ባዶ እጃችንን እንሂድ?"

ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝን። ረዳቱ "ደብረ ዘይት! ደብረ ዘይት!" ይላል፤ መኪናው ላይ የተጻፈው ቢሾፍቱ ነው፤ ማንም አይሳሳትም። የፈጣን መንገዱን ትተን በአሮጌው፣ በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም ሄድን። ዱከም ስንደርስ ማስተር በመስኮት የተሰቀለውን ሥጋ አይቶ "ጀልባው ቢቀርስ?" አለ። ሚስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትስማማ መስላ ነበር።

የመረጥነው ሐይቅ ባቦጋያ ነው። ቢሾፍቱ ሐይቆቿ ብዙ ናቸው፤ ሆራ አለ፣ በከተማዋ ስም የሚጠራው አለ፣ ኩሪፍቱ አለ። ባቦጋያን የመሰሉት ከመሬት በታች የቀለጠ ድንጋይ ከውሃ ጋር ተገናኝቶ ምድር የፈነዳችባቸው ጉድጓዶች ናቸው። ለዚህ ነው ጠባብና ጥልቅ የሆኑት። ጣና ያን ሁሉ ስፋት ይዞ ጥልቀቱ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ባቦጋያ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ወደ ታች ከ60 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጣና ምጣድ ነው፤ ባቦጋያ እንስራ። ይህንንም ለልጄ አስረዳሁት። ባላስረዳው ይሻል ነበር።

ጀልባ አከራዩ ጎረምሳ ነው። "ለሙሉ ቀን" ስለው ጆሮውን ተጠራጠረ።

"ፋዘር፣ ሰው እኮ ለግማሽ ሰዓት ነው የሚይዘው።"

"እኔ ለሙሉ ቀን ነው የምፈልገው።"

"ሙሉ ቀን ምን ትሠራላችሁ?"

"ምን አገባህ? ዋጋውን ንገረኝ።"

ነገረኝ። ሚስቴ ዓይኗን ጨፈነች። የፍሪጁ በር ተዘግቶ ሲሄድ የታያት ይመስለኛል። ተከራክሬ ጥቂት አስቀነስኩ፤ መታወቂያዬን አስያዝኩ። ላይፍ ጃኬት አራት ነው ያለው፤ አንዱ መቆለፊያው ተሰብሮ በሲባጎ የሚታሰር ነው። ሚስቴ ጃኬቶቹን ለእኛ አደለችና ጀሪካኗን ክዳኑን አጥብቃ አቀፈች። የሳቅን እኛ ነን፤ ብልኋ እሷ ነበረች። ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ ክብደቱ ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው የሚቀረው፤ የተከደነ ባዶ ጀሪካን ደግሞ ወደ 20 ኪሎ ይሸከማል። የእኔ ጃኬት ሲባጎውን እንኳ መሸከሙን እጠራጠራለሁ።

"ነጂ እሰጣችኋለሁ" አለ ጎረምሳው።

አድሚራል ከኪሳቸው ነጭ ቆባቸውን አውጥተው አደረጉ። "እኔ እያለሁ?" አሉ። በቃ። ጎረምሳው ሳያስበው እጁ ወደ ግንባሩ ሄደ። ጀልባውን ገፍቶ ሰጠን። የሚታዘዝለት እንጂ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።

"መሪውን ይያዙ እንጂ ጋሼ" አልኳቸው።

"አዛዥ መሪ አይዝም" አሉና ከፊት ተቀመጡ።

መሪውን ማስተር ያዘ። የሞተሩን ገመድ ሁለቴ ሳበ፤ ሦስተኛው ላይ ተነሣ። የዚህ ጀልባ መሪ ከሞተሩ የወጣ ዘንግ ነው፤ ዘንጉን ወደ ቀኝ ስትገፋው ጀልባው ወደ ግራ ይሄዳል። ዕድሜ ልኩን ሲኖትራክ ሲሞክር ለኖረ ሰው ይህ ክህደት ነው። መጀመሪያ ሸምበቆ ውስጥ ገባን። ቀጥሎ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ላይ ሄድን፤ ማስተር በእግሩ የጀልባውን ወለል ደጋግሞ ረገጠ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ፍሬን እየያዝኩ ነው!"

ጀልባ ፍሬን የለውም። ይህን ያወቅነው ሴቶቹ ሳሙና ከወረወሩብን በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ግን ገነት ነበር። ነፋሱ ፊታችንን ይዳብሰናል፤ ገደሉ ላይ ያሉት ዛፎች ውሃው ውስጥ ቁልቁል ቆመዋል፤ ልጄ እጁን እየነከረ ይስቃል። ሚስቴም ፍሪጁን ረስታ ነጠላዋን ለነፋሱ ለቀቀችው። ዳር ላይ ቡና የሚጠጡ ሰዎች እጃቸውን አውለበለቡልን፤ አውለበለብንላቸው። ዙሩ አሥር ደቂቃ ገደማ ፈጀ።

ከዚያ ሁለተኛውን ዞርን። ከዚያ ሦስተኛውን። የጎረምሳው ጥያቄ የገባኝ አራተኛው ላይ ነው። ሙሉ ቀን የተከራየሁት ጀልባ የሚሄድበት ቦታ የለውም! ጣና ቢሆን ኖሮ ከገዳም ገዳም፣ ከባህር ዳር ጎርጎራ ይኬድ ነበር። እዚህ ግን የጠፋው መውጫ ብቻ ነው፤ መስቀል አደባባይ ገብቶ መውጫ የጠፋበት ታክሲ ሆንን። ሰባተኛው ዙር ላይ ቡና ጠጪዎቹ እጅ ማውለብለቡን ትተው ወንበራቸውን አዞሩ። ልጄ "አባዬ፣ መቼ ነው የምንደርሰው?" አለ። አድሚራልም ፊታቸው ትንሽ አረንጓዴ ሆኖ፣ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን ያራግባሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ እኛን ግን ወዴትም አልወሰደንም፤ እያዞረ ብቻ አደከመን።

"መሐሉ ላይ ቆመን ምሳ እንብላ" አልኩ፣ ገንዘቡ እንዳይቆጨኝ። ማስተር ሞተሩን አጠፋ። ሚስቴ ድስቱን ፈታች፤ ዶሮ ነው። ሐይቅ መሐል ዶሮ ወጥ መብላት ምን እንደሚመስል ለማስረዳት አልሞክርም፤ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ዕቁቡን ሁሉ ይቅር አልኩት።

እጃችንን ሐይቁ ውስጥ ታጥበን ስናበቃ ማስተር ገመዱን ሳበ። ሞተሩ አንዴ ሳለና ዝም አለ። አሥር ጊዜ ሳበ። ሃያ ጊዜ ሳበ። "ቤንዚን በዝቶበት ታፍኗል" አለ በባለሙያ ድምፅ፤ "ቀላል ነው፤ ካንዴላውን ፈትቼ አደርቀዋለሁ።" ፈታው። በሸሚዙ ጠረገው፣ እፍ አለበት፣ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየው። በዚህ ጊዜ ልጄ ሊያይ ብድግ አለ፣ ጀልባው ዘመም አለ፣ የማስተር ጣቶች ደግሞ ገና የዶሮው ቅባት አልለቀቃቸውም።

ጨብ።

አምስታችንም ክቡን አየን፤ ሰፋ፣ ሰፋ፣ ጠፋ።

"አባዬ፣ ስንት ሜትር ነው ያልከኝ?" አለ ልጄ።

መቅዘፊያ ፍለጋ ወንበሩ ሥር ገባሁ፤ ያገኘሁት መጥረጊያ ነው። ነፋሱ ቀስ እያለ ከተነሣንበት ተቃራኒ ወደ ገደሉ ይገፋን ጀመር። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ወደ ፊት ዞርን። "ጋሼ፣ ምን እናድርግ?"

አድሚራል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"ልጆቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ ባህር ኃይል ነበርኩ፤ አልዋሸሁም። ግን የማርሽ ባንዱ ውስጥ ነው የነበርኩት።"

"ማርሽ ባንድ?"

"መርከብ ሲሄድ እንሸኛለን፤ መርከብ ሲመጣ እንቀበላለን። ከወደቡ ላይ ሆነን።"

"ዋናስ?"

"የደንብ ልብሳችን ነጭ ነበር፤ እናቆሽሸዋለን ብለን ከውሃው እንርቅ ነበር።"

ማስተር ሊስቅ ሲል ሚስቴ በዓይኗ ያዘችው። ከዚያም እጅጌዋን ሰበሰበች። የዚያን ቀን ቃሊቲ እውነተኛ አድሚራሏን አገኘች። ለማስተር የድስቱን ክዳን፣ ለእኔ ትሪውን፣ ለልጄ ነጠላ ጫማ ሰጠች፤ እሷ መጥረጊያውን ያዘች። "ቅዘፉ!" ቀዘፍን። የማስተር ክንድ የጋራዥ ክንድ ነው፤ የእኔ የቢሮ ክንድ ነው። ስለዚህ ጀልባው እዚያው በቆመበት ይሽከረከር ጀመር። ሞተሩ ሠራም አልሠራም መዞር ዕጣ ክፍላችን ሆነ። በአጠገባችን አንድ ትንሽ ልጅ የመኪና ካላማዳሪያ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት ነጠላ ጫማ በእጁ አጥልቆ እየቀዘፈ፣ ሰላምታ ሰጥቶን አልፎን ሄደ። ማስተር ካላማዳሪያውን አይቶ "የሲኖትራክ ነው" አለ፣ በሐዘን።

"አብራችሁ አይደለም የምትቀዝፉት" አሉ አድሚራል በድንገት። ድምፃቸው ተለውጧል። "ጀሪካኑን አምጪልኝ የእኔ ልጅ።"

ጀሪካኑን በጉልበታቸው መሐል አስገቡና በመዳፋቸው መቱት። ዱም! ዱም! ዱም-ዱም-ዱም! በአፋቸው ደግሞ ማርሹን ያዙ። "በዱም ትነክራላችሁ፣ በፓም ትስባላችሁ፤ አንተ ማስተር፣ ጉልበትህን ቀንስ፤ አንተ ከበሮውን ስማ እንጂ ውሃውን አትይ!" ጀልባው አንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ሄደ። እውነቴን ነው፤ ሄደ! በድስት ክዳን፣ በትሪ፣ በነጠላ ጫማና በመጥረጊያ፣ በጀሪካን ማርሽ። ቡና ጠጪዎቹ ወንበራቸውን መልሰው ወደ እኛ አዞሩ። ዳር ስንደርስ አጨበጨቡ። አድሚራል ብድግ ብለው ቆባቸውን አደረጉና፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመርከብ ላይ ሆነው ወደብ ላይ ለቆመ ሰው ሰላምታ ሰጡ።

ጎረምሳው ሰዓቱን አየ። "ፋዘር፣ ገና ስድስት ሰዓት ይቀራችኋል። ካንዴላ ገዝቼ ልምጣ?"

አራታችንም በአንድ ድምፅ "አይሆንም!" አልን። ለጠፋው ካንዴላ ግን አስከፈለኝ። ሚስቴ ምንም አልተናገረችም፤ ጀሪካኗን ይዛ ቀጥታ ወደ ቧንቧው ሄደችና ግጥም አድርጋ ሞላችው። "የመጥረጊያው ኪራይ ነው" አለችው ስታልፍ፤ እሱም አልገባውም፤ እኔም አልገባኝም፤ የተከራከራት ግን የለም። በሚኒባሱ ረዳቱ "ጀሪካኑ ይከፍላል" አለ። ከፈለ።

ከሰዓት በኋላ ሰፈር ስንደርስ መንገዱ ርሷል። ዝናብ ግን አልዘነበም። የጎረቤቶቻችን በርሜሎች እስከ አፋቸው ሞልተው ያብለጨልጫሉ። ልጆች በባልዲ ይረጫጫሉ።

"የት ነበራችሁ?" አለች የጎን ጎረቤታችን። "ዛሬ እኮ መጣ! በቀን! ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ! እንዲህ ያለ ግፊት አይተንም አናውቅ! ይኸው አሁን ሄደ።"

ሚስቴ ወደ እኔ ዞረች። ምንም አላለችም። ዝም ብላ ያየችኝ አስተያየት ግን የፍሪጁን ያህል አቀዘቀዘኝ።

ልጄ የዚያኑ ምሽት ሥዕሉን እንደገና ሣለ። ክብ ሰማያዊ ነገር፤ መሐሉ ላይ አምስት ሰዎች፤ ከሁሉም ገዝፎ ቢጫ ጀሪካን። መምህሯ በዚህኛው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምን እንደምትጽፍ አላውቅም።

ሁለት ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። አድሚራል ናቸው። ቆባቸውን አላደረጉም፤ በእጃቸው ባዶ ጆግ ይዘዋል። ሚስቴ ሳይጠይቋት ጀሪካኑን አጋድላ ትቀዳላቸው ጀመር።

"ለመሆኑ ጋሼ፣ ማርሽ ባንዱ ውስጥ ከበሮ ነበር የሚመቱት?"

"የለም የእኔ ልጅ፤ ጥሩምባ ነፊ ነበርኩ።"

"ታዲያ ከበሮውን መቼ ተማሩት?"

ጆጉ እስኪሞላ ጠበቁ።

"ዛሬ" አሉ።